ከጋፋት የሚጀምር የቤት ትምህርት

በ2012 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙዎቹ ሳይከፈቱ ከረሙ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙ እናትና አባት ሳይዘጋጁበት መምህር ሆኑ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በደብረ ታቦርና በአካባቢው ለምትኖሩና ልጆቻችሁን ቤት ውስጥ ለምታስተምሩ ወላጆች ነው። ትምህርት ቤት ክፍት የሆነላችሁም ቅዳሜንና የክረምቱን ወራት ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። የልጁ ምዝገባ እንዳይቋረጥ፤ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይጠብቀዋልና የመማሪያ መጽሐፉም ከእጁ አይጥፋ። ሒሳቡና ሳይንሱ ጠዋት ጠዋት በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ይሂድ። እኔ የማስረዳችሁ ከሰዓት በኋላ ስላለው ጊዜ ነው፤ ስለ ንባብ፣ ስለ ጉዞ፣ ታሪክን በእጅ ስለ መሥራት።

አንድ ጥያቄ ምረጡ

አብዛኞቻችን የተማርነው ታሪክ ከአክሱም ተነሥቶ ላሊበላን፣ ጎንደርንና ዐድዋን እየሮጠ የሚያልፍ ነበር። እናንተ አትሩጡ። ለሦስት ወር አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፤ ንባቡም ጉዞውም የእጅ ሥራውም ለዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ይሁን። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሞክሩ፦ “ሴባስቶፖል ጋፋት ላይ እንዴት ተሠራ? መቅደላስ እንዴት ደረሰ?”

ጥያቄው ለልጅ ትልቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ማስረጃው ያለው እናንተው ዘንድ ነው። ጋፋት ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚስዮናውያንና ባለሙያዎችን አስፍረው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ጥያቄውን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ልጆቹ ገና ከመጀመራቸው በፊት የሚያውቁትንና የሚገምቱትን ከሥሩ ይጻፉ። ግምታቸውን አታርሙ፤ በሦስተኛው ወር ራሳቸው ያርሙታል።

የንባብ ክበቡን አቋቁሙ

ብቻውን የሚያነብ ልጅ ቶሎ ይሰለቻል። ከሦስት ወይም ከአራት ቤት ስድስት፣ ሰባት ልጆች ሰብስቡ። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 14 ዓመት ቢለያይ ችግር የለውም፤ ትልልቆቹ ለትንንሾቹ ማንበባቸው ለሁለቱም ይጠቅማል። አሠራሩን ከጽዋ ማኅበር ውሰዱ። ተራው በየሳምንቱ ከቤት ወደ ቤት ይዙር፤ ባለ ተራው ቤት ቆሎ ወይም ቅቅል ድንች ያቅርብ፤ ከልጆቹ አንዱ የዕለቱ “ሙሴ” ሆኖ ስብሰባውን ይምራ። ሙሴው ማን እንደሚያነብ ይወስናል፣ ሰዓት ይጠብቃል፣ ዝም ያለውን ልጅ ይጠይቃል። ወላጅ ጥግ ይዞ ይቀመጥ፤ ሙሴው ካልጠየቀው በቀር ጣልቃ አይግባ።

የመጽሐፍ ቅጂ አንድ ብቻ ቢኖራችሁ አትጨነቁ። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፣ ገጹ ሲያልቅ ይቀባበላሉ። ተሰናክሎ በሚያነብ ልጅ ላይ መሳቅ ክልክል ይሁን፤ ይህ ሕግ በመጀመሪያው ቀን ተነግሮ በየሳምንቱ ይከበር። አንድ ልጅ አንዴ ከተሳቀበት መጽሐፉን ዳግመኛ እሽ ብሎ አያነሣም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለአለቃ ገብረ ሐና ስጧቸው። አለቃ የፎገራ፣ የናበጋ ሰው ናቸው፤ ቀልዶቻቸው በየመጻሕፍቱ ተሰብስበዋል፤ ከመጻሕፍቱ ይልቅ ደግሞ በአያቶች አፍ ይበዛሉ። ልጆቹ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት አሮጊት አንድ የአለቃ ቀልድ ሰምተው፣ ጽፈው ይምጡ። አንዱን ቀልድ ሦስት ሰው በሦስት ዓይነት ሲያወራው ይሰማሉ፤ የታሪክ ምርመራ መጀመሪያው ይኸው ነው። አለቃ ቀልደኛ ብቻ አልነበሩም፤ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። ደብረ ታቦር የምትታወቅበት የተክሌ አቋቋም በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራ ነው። ይህን ስትነግሯቸው ሳቁ ወደ አክብሮት ይለወጣል።

ከዚያ ወደ ቴዎድሮስ እለፉ። ለ12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት የጳውሎስ ኞኞ “አጤ ቴዎድሮስ” በጣም ተስማሚ ነው፤ ቋንቋው ቀላል፣ አተራረኩ ሕያው ነው። ከልብ ወለድ የአቤ ጉበኛ “አንድ ለእናቱ” እና የብርሃኑ ዘርይሁን “የቴዎድሮስ እንባ” አሉላችሁ። ሙሉውን እንዲጨርሱ አታስገድዱ፤ እናንተ አስቀድማችሁ አንብባችሁ ለዕድሜያቸው የሚሆነውን ምዕራፍ ምረጡ። ልብ ወለዱንና የታሪክ መጽሐፉን ጎን ለጎን አስነብቡና “ደራሲው ይህን ከየት አወቀ? የትኛውን ራሱ ፈጠረው?” ብላችሁ ጠይቁ። የንጉሡን ዘመን በዓይናቸው ያዩትን የአለቃ ዘነብን ዜና መዋዕል የምታገኙ ከሆነ፣ አንዲት ገጽ ብቻ አብራችሁ አንብቡ። አማርኛው ይከብዳቸዋል፤ ቢከብዳቸውም በዚያን ጊዜ የነበረ ሰው ራሱ ሲናገር መስማት ዋጋ አለው።

ዘመኑን በሲባጎ ዘርጉት

ልጅ “1834” እና “1860” ሲባል ቁጥር እንጂ ጊዜ አይታየውም። ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጥሩ፤ ለአንድ ዓመት አንድ ጣት ስፋት ይለካ። ከ1834 እስከ ዛሬ ያለው የአንድ ክፍል ግድግዳ ይበቃዋል። በየዓመቱ ላይ ትንሽ ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ ይንጠልጠል።

ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ሲያያዙ የምታዩት ደስታ ልዩ ነው። በ1834 መሳፍንቱ ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ ደብረ ታቦር ላይ ተዋጉ፤ ውቤ ድል አደረጉ፣ ድሉን ሲያከብሩ ግን ራሳቸው ተማረኩ። በ1847 ካሳ ውቤን ደረስጌ ላይ አሸንፎ፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በ1853 የውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ከቴዎድሮስ የወለዷቸው ልዑል ዓለማየሁ እዚሁ ደብረ ታቦር ተወለዱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ አምባን ሲይዝ ቴዎድሮስ እዚያው ሞቱ። ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው ሃያ ስድስት ጣት ብቻ ነው። በሲባጎው ላይ የአያታቸውን የልደት ዓመትም ያንጠልጥሉ፤ የአያት አያት የቴዎድሮስን ዘመን ሊነካ እንደሚችል ያኔ ይገባቸዋል።

ወደ ጋፋት ውጡ

ከክረምት በኋላ፣ ጭቃው ሲደርቅ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሂዱ። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው ጠይቁ፤ በማለዳም ድገሙት፤ ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ለሌላ ሳምንት ይተላለፍ። ለቀበሌው አሳውቁ፤ መሬቱ የገበሬ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ የተዘራ አትርገጡ። ለአራት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይበቃል። ውሃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ደብተር፣ እርሳስና ሜትር ይዘው ይውጡ።

እንደደረሳችሁ ማውራት አትጀምሩ። ልጆቹ በጥንድ በጥንድ ሆነው አካባቢውን ይሣሉ፤ ውሃው በየት በኩል ነው፣ ዳገቱ ወዴት ያዘነብላል፣ ደብረ ታቦር በየት በኩል ትታያለች? ከዚያ ይጠየቁ፦ መድፍ ማቅለጫ ብትሠራ ኖሮ ይህን ቦታ ትመርጥ ነበር? ምን ያስፈልግሃል? ከሰል ከየት? ውሃ ከየት? የሚበላ ከየት? የተቃጠለ ድንጋይ ወይም የብረት አር የሚመስል ነገር ቢያገኙ ይሣሉት፣ ይለኩት፣ በቦታው ይተዉት። እያንዳንዱ ጎብኚ አንዳንድ ከወሰደ ለሚመጡት ልጆች ምንም አይቀርም።

ታሪኩን የምትነግሯቸው ከዚህ በኋላ ነው። ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር የሚባሉት የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ወንጌል ለማስተማርና በእጅ ሙያቸው ለማገልገል ነበር። ጋፋት ላይ የአገሩን ልጆች ንባብና ሙያ ያስተምሩ ነበር፤ ስለዚህ ልጆቻችሁ የቆሙበት ቦታ የትምህርት ቤትም ቦታ ነው። ዋልድማየር የንጉሡን ባለሟል የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቷል። ፈረንሳዊው ቡርጎና ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሆልም ከባለሙያዎቹ መካከል ነበሩ። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው ሙያውን አናውቅም አሉ፤ ንጉሡም እሽ እስኪሉ ድረስ አገልጋዮቻቸውን አሰሩባቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩና ተሳካ።

እዚህ ላይ አንድ አቋሜን ልናገር። አንዳንድ ወላጅ ይህን የእስራት ወሬ ለልጅ መንገር አይወድም፤ ቴዎድሮስን የሚያሳንስ ይመስለዋል። እኔ መነገር አለበት ባይ ነኝ። አገሩን በራሱ መሣሪያ ለመጠበቅ የቆረጠውና በቁጣው ብዙ ሰው ያስለቀሰው ንጉሥ አንድ ሰው ነው። ልጅ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይችላል፤ የማይችል የሚመስለን ለእኛ ነው። ከዚያም ይህን ጥያቄ ጨምሩላቸው፦ የነጮቹ ስም ተጽፎልናል፤ አፈሩን የቆፈሩት፣ ከሰሉን ያከሰሉት፣ ወናፉን የነፉት፣ ውሃ የቀዱት የአገሩ ሰዎች ስማቸው ምን ነበር? መጽሐፍ ላይ አያገኙትም። እንግዲያው ቢያንስ ሥራቸውን በዝርዝር ይጻፉ። ዝርዝሩ ሲረዝም ሴባስቶፖልን የሠራው ስንት እጅ እንደሆነ ይታያቸዋል።

መድፉን በሰም አፍስሱት

ይህ ልጆች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ክፍል ነው፤ ሁለት ቅዳሜ ይወስዳል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ትልቅ ድንች ወስደው በቢላ የመድፍ ቅርጽ ያውጡለት፤ አጭር፣ ወፍራም፣ አፉ ሰፊ፤ ሴባስቶፖልም እንዲያ ነውና። ሸክላ የሚሠራበት ዓይነት አፈር በውሃ ይለወስ፣ ጠጠሩ ይለቀም። ድንቹን ዘይት ቀብተው እስከ ወገቡ ጭቃው ውስጥ ይጫኑት፤ በላዩ አመድ ነስንሰው ሁለተኛውን የጭቃ ግማሽ ይድፈኑበት። ትንሽ ጠንከር ሲል ሁለቱን ግማሾች ለያይተው ድንቹን ያውጡ፤ የሰም መግቢያ ቀዳዳ ይክፈቱ። ቅርጹ ጥላ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ካደረጉት ይሰነጠቃል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሁለቱን ግማሾች ውስጣቸውን ዘይት ቀብተው ይግጠሙ፣ በሲባጎ ይሰሩ፣ ስንጥቁን በእርጥብ ጭቃ ይምረጉ። ሻማ ማቅለጥ የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ ሻማው ያለበት ጣሳ የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ይቀመጥ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ፣ ይነዳልና። የቀለጠውን ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ ልጆቹ ራቅ ብለው ይቁሙ። ደህና አድርጎ እስኪረጋ ጠብቀው ይክፈቱት።

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው አይሳካም፤ ሰሙ በስንጥቁ ይወጣል፣ ወይም አፉ ጎድሎ ይቀራል። ዘላችሁ አታስተካክሉላቸው። “የት ላይ ተሳሳተ?” ብላችሁ ጠይቁና የሚሉትን ይጻፉ፣ ደግመው ያፍስሱ። በዚህ መሐል የጋፋት ባለሙያዎችን ምን አደጋ ያሰጋቸው እንደነበር አስረዷቸው። ቅርጹ ውስጥ እርጥበት ከቀረ የቀለጠው ብረት ሲነካው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆንና ይፈነዳል፤ አጠገቡ የቆመ ሰው ሊሞት ይችላል። ሰም ያፈሰሰ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ።

ሰባ ኩንታል ጎትቱ

ሴባስቶፖል ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። የጤፍ ጆንያ ሲጫን ያየ የገጠር ልጅ ይህን ቁጥር ከማንም በላይ ይረዳዋል። አንድ የእህል ጆንያ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ አስራችሁ በመጫኛ ዳገት ያስጎትቱት። መጀመሪያ እንዲሁ መሬት ለመሬት፣ ቀጥሎ ከሥሩ ድብልብል እንጨት አድርገው፤ ሰዓት ይያዝ፣ የጎታቹ ቁጥር ይመዝገብ። ቁልቁለቱን ደግሞ ይሞክሩ፤ መጎተት ቀርቶ መያዝ እንደሚያስቸግር ያያሉ። ቁልቁለቱን ስትሞክሩ ከጆንያው በታች ማንም አይቁም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። መድፉን ለመጎተት 500 ያህል ሰው ያስፈልግ ነበር። 500 ለ70 ሲካፈል ለአንድ ኩንታል ሰባት ሰው ይደርሳል። ጆንያ ለሁለት ሰው የሚነሣ ሆኖ ሳለ ለምን ሰባት አስፈለገ? ልጆቹ ይከራከሩ፤ መድፉ አይከፋፈልም፣ ዳገቱ፣ ጭቃው፣ ገመዱ፣ ረሃቡ። ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር የተነሡት በ1860 መግቢያ ነው፤ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት። ስድስት ወር ያህል፣ መንገዱን እየቆፈሩ፣ ድንጋዩን ንጉሡ ራሳቸው እያነሡ። በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ አድርገው ቆላ ወርደው በሽሎን ተሻገሩ። ካርታ ላይ መንገዱን በቀለም ያስምሩበት፤ ጋይንት ዘመድ ያለው ልጅ ስለ ዳገቱ ጠይቆ ይምጣ።

አንጥረኛ ቤት ሂዱ

ጊዜ ቢያጥራችሁ ሌላውን ዝለሉ፣ ይህን ግን አትዝለሉ። በአካባቢያችሁ ወደሚሠራ አንጥረኛ ወይም ሸክላ ሠሪ ልጆቹን ውሰዱ። ቀድማችሁ ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ሥራ ስለምታስፈቱ የጊዜያቸውን ዋጋ ክፈሉ፣ ወይም ማረሻ፣ ማጭድ፣ ድስት ግዙ። ልጆቹ እጅ ነስተው ይግቡ፤ “ጋሼ”፣ “እትዬ” ብለው ይጠይቁ። ወናፉ እንዴት ይነፋል? ብረቱ መቼ ለመዶሻ እንደደረሰ በምን ይታወቃል? ሙያውን ማን አስተማረዎት? ከተፈቀደላቸው ወናፉን አንዴ ይንፉ።

ይህን የምለው በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የሚሠራው ሰው “ቡዳ” እየተባለ ስለኖረ ነው። ማረሻውን እየገዛን ማዕዱን ሸሸን። በ1900 ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ አዋጅ ግን ከቤት ወሬ ጋር ሲታገል ብዙ ዘመን ይፈጅበታል። ቴዎድሮስ መድፍ ለማሠራት የውጭ ሰው ሲፈልጉ፣ አገሩ በገዛ ባለሙያው ላይ የሠራውን ግፍ ልጆቹ ከሙያተኛው ቤት ደጃፍ ላይ ቢያስቡት ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ይጸናል። ቤት ስትመለሱ “ቡዳ” የሚለውን ቃል ከሰሙ ማን እንዳለው፣ ለምን እንዳለው በግልጽ አነጋግሯቸው። ሙያተኛው ፊት ግን አታንሡት።

ለዓለማየሁ ደብዳቤ

ለትንንሾቹ ቴዎድሮስ ሩቅ ነው፤ ዓለማየሁ ግን እኩያቸው ናቸው። ደብረ ታቦር ተወልደው፣ በሰባት ዓመታቸው አባታቸውን በመቅደላ፣ እናታቸውን በመንገድ ላይ አጥተው፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ባሕር ተሻገሩ። በ18 ዓመታቸው በ1872 እንግሊዝ አገር ሞቱ፤ የተቀበሩት ዊንዘር ነው። አፅማቸው እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 አልተቀበለም፤ በ2016 መጀመሪያ የጸጉራቸው ዘለላ ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ልጆቹ ደብዳቤ ይጻፉላቸው፤ ስለ ደብረ ታቦር፣ ስለ ቡሄ ጅራፍ፣ ስለ ጉና ብርድ ይንገሯቸው። ፊደል ግድፈቱን በኋላ ታርማላችሁ፤ መጀመሪያ ይጻፉ። ትልልቆቹ ደግሞ ከመቅደላ ተወስደው ዛሬ በለንደን ስላሉት የብራና መጻሕፍት ይከራከሩ፤ አንዱ ወገን “ይመለሱ”፣ ሌላው ወገን “ይቆዩ” ይበል፤ ከዚያ ወገን ይቀያየሩ።

ሴባስቶፖል ራሱ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ ቤተሰብ ካለ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን አምሳያ ልጁ ለክቶ፣ ሥሎ ይምጣ።

ለሚቀጥለው ወቅት ጥያቄ አታጡም። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ጣና እስኪገቡ ምን ያጠጣሉ? በፎገራ የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሥራን በወንድና በሴት መካከል እንዴት ያከፋፍላል? የዙር አምባ ተማሪ ዝማሬ መዋሥዕትን ስንት ዓመት ይማራል? አንዱን ብቻ ምረጡ።

የሦስቱ ወር ሥራ ሲያልቅ ደብተሮቹ፣ ሥዕሎቹ፣ የሽማግሌዎቹ ወሬ፣ የጉተታው ሒሳብ በአንድ ጥራዝ ይሰፉ። አንዱን ቅጂ ቤታችሁ አስቀሩ፤ ሌላውን ልጆቻችሁ ለተመዘገቡበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ጋፋትን በተመለከተ በልጅ እጅ በአማርኛ የተጻፈ ነገር በትምህርት ቤቶቻችን መደርደሪያ ላይ መኖር አለበት፤ የመጀመሪያውን የእናንተ ልጆች ይጻፉት።